ከወንበር የተሠራ ባርኔጣ

ባሌ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ሲመታ ነው የሚውለው፤ ራሱ ደግሞ እንደ እንቁላል መላጣ ነው። ባለፈው ወር ፀሐይ አናቱን መታችውና ራሱን ሳተ፤ ጓደኞቹ ተሸክመው በመሰላል አወረዱት። ሐኪሙ "ወይ ራስህን ሸፍን፣ ወይ ከጣሪያ ውረድ" አለው። ውረድ ማለት ቀላል ነው! ይህ ሰው መሬት ላይ መዶሻ ይዞ ምን ሊሠራ ነው?

ባርኔጣ ገዛሁለት፤ "አናቴ ፈላ" ብሎ ጣለው። ሌላ ገዛሁ፤ ያንንም ጣለው። በመጨረሻ እልህ ያዘኝ። የኔ ሥራ የወንበር መቀመጫ መሸመን ነው፤ ሰው አድሺልኝ ብሎ ከሚያመጣው አሮጌ ወንበር የምፈታው የቀርከሃ ስንጥር ጓዳዬን ሞልቶታል። ደህና ደህናውን መርጬ፣ ውሃ ውስጥ ነክሬ አለሰለስኩትና ልክ እንደ መቀመጫ ቀዳዳ ቀዳዳ አድርጌ ባርኔጣ ሠራሁለት። ግንባሩን እንዳይቧጭረው ዙሪያውን ከውስጥ ባሮጌ የጥጥ ሻሽ ጠመጠምኩት።

አጠለቀው። ራሱን ግራና ቀኝ አዙሮ "ነፋስ ይገባል" አለ። ከባሌ አፍ ይህ ምርቃት ነው። በማግስቱ ሳልነግረው አጥልቆት ወጣ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ጉድ ፈላ። ማታ ሊታጠብ ጎንበስ ብሎ ውሃ ሳፈስለት፣ ወይ ጉዴ! በየቀዳዳው ፀሐይ ገብታ አናቱ ላይ የወንበር መቀመጫ ሥዕል ሥላለች። ነጠብጣብ ብቻ! መጀመሪያ ሳቄ አፈነኝ፤ ወዲያው ደግሞ ክው አልኩ።

"ሥራ ቦታ አይተውታል?" አልኩት።

"አይተውታል ትላለች! ስሜንም ቀይረውታል እንጂ" አለ ሳሙናውን እያሸ። "'ወንበሩ፣ ሚስማር አቀብለን' ነው የሚሉኝ። አለቃችንማ 'ደክሞኛል፣ ልቀመጥብህ?' አለኝ።"

በቃ፣ አለቀ አልኩ በልቤ። ኩራቱን አውቀዋለሁ፤ ነገ ባርኔጣውን ወርውሮ ባዶ አናቱን ይወጣል፣ ከዚያ ደግሞ... ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሰብ አልፈለግኩም። እውነቴን ነው፣ ፈራሁ።

"ዛሬውኑ ገበር አደርግበታለሁ፤ ብቻ አትጣለው፣ በሞቴ!" ብዬ ለመንኩት።

"ማን ይጥለዋል አለሽ?"

"ይስቁብሃላ!"

"ይሳቁ።" ሳሙና እንደለበሰ ቀና አለ። "ያን ቀን ሐኪም ቤት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ ያየሁት ያንቺን ፊት ነው። የወደቅኩት እኔ፣ የሞትሽ የምትመስዪው አንቺ። ሰው ዕድሜ ልኬን ይሳቅብኝ፤ ያንን ፊት ግን ሁለተኛ ማየት አልፈልግም።"

ጣሳው እጄ ላይ ዘመመ፤ ውሃው እግሬ ላይ ይፈሳል።

"አንቺ፣ አፍስሺ እንጂ! ሳሙናው ዓይኔ ገባ!" አለ።

አፈሰስኩለት። ደግነቱ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ማልቀሴን አላየም።