የግራው ወንበር

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የመንደሩ ቄስ ቀሻ ዘያ ሽሙኒን ጠርተው፣ ለጾመ ነነዌ ጸሎት ከግራው አትሮንስ ኋላ ወንበር እንድታስቀምጥ ነገሯት። ሦስት ቀን ሙሉ መቆም ለታመመ ሰው አይሆንም አሉና በዚያው ወደ በሩ ሄዱ። ቄሱ ሁልጊዜ እንዲሁ ናቸው፤ ግማሹን ተናግረው ግማሹን በሆዳቸው ይዘው ይሄዳሉ። ሽሙኒ ሻማውን እንደያዘች ባለችበት ቀረች። ጉልበቷ ካበጠ ሦስት ክረምት አልፏል። እስካሁን እንዴት ነሽ ያላት ሰው አልነበረም።

ቤቷ ሄዳ ከወንበሮቿ ደህናውን መረጠች። በላዩም ለሠርጓ የጠለፈችውን፣ እንግዳ እንኳ ያልተቀመጠበትን ቀይ ትራስ አደረገች። ሰኞ በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ትራሱ ላይ የልጅነት ጎረቤቷ ዋሪና ተቀምጣ መጽሐፉን ትገልጣለች።

ቀሻ ዘያ ከመቅደሱ ወጥተው፣ «ሽሙኒ፣ ተባረኪ፣ ምቹ ወንበር ነው ያመጣሽላት» አሏት። ሽሙኒ ከዋሪና ኋላ ሄዳ ቆመች።

በመንደሩ የነነዌን ጸሎት ሁለት ወገን ፊት ለፊት ቆሞ ይቀባበለዋል። ቀኙ ካልጀመረ ግራው አይመልስም፤ ግራው ካልመለሰ ቀኙ አይቀጥልም። ድሮ በየወገኑ ሠላሳ ሠላሳ ወንድ ይቆም ነበር። ወራሪው የገባበት ያ ነሐሴ መጥቶ ሕዝቡ ሌሊቱን ከሸሸ ወዲህ ግን የተመለሰው አርባ ቤት ብቻ ነው። አሁን በቀኙ ወገን የቀሩት ጆሮአቸው የደከመባቸው ዲያቆን ኦራሃና ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። ግራው ለሴቶች ተሰጠ፤ ዘጠኝ ዓመት የመራችውም ሽሙኒ ናት። የሄዱት ሰዎች የሃያ ሦስት ቤት ቁልፍ ያስቀመጡት እሷ ዘንድ ነው። ባለፈው ወር ዋሪና ከሸሸችበት ከአንካዋ ከተማ መጥታ የአባቷን ቤት ቁልፍ ስትጠይቃት፣ ቁልፍ ተመልሶ ሲጠየቅ የመጀመሪያው ነበር። መንደሩ ደስ አለው፤ አንዷ ተመለሰች ተብሎ ደወል ተደወለ። ሽሙኒ ቀድማ ተመልሳ በመንደሩ ለመቆየቷ ግን ማንም ደወል ደውሎላት አያውቅም።

በሁለቱ መካከል ያለው ነገር ግን ከቁልፉ በፊት ነው የጀመረው። ልጆች ሳሉ ዜማውን ያስተማሯቸው የሽሙኒ አባት ናቸው። ሽሙኒ ስታዜም አባቷ ዐይናቸውን መጽሐፉ ላይ ተክለው ስሕተቷን ይለቅሙ ነበር። የጎረቤት ልጅ ዋሪና ስታዜም መጽሐፉን አጥፈው ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ሽሙኒ አሁን ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ የአባቷን የተጨፈነ ዐይን ግን አልረሳችውም።

ዋሪና በዚያ ሰኞ አዜመች። ድምፅዋ ቀጥኗል፤ ቢሆንም ዲያቆን ኦራሃ እንኳ ጆሮአቸውን በእጃቸው አቅንተው ወደ ግራ ዘንበል አሉ።

ቀሻ ዘያ ሲሰብኩ አገር ለምን ጠፋ ብለው ጠየቁ። አንዱ መንግሥትን፣ አንዱ ወራሪውን፣ አንዱ መሬቱን ሸጦ የሄደውን ይከሳል፤ እኔ ነኝ ያለ ግን እስካሁን አልሰማሁም አሉ። ሽሙኒ መንደሩን ጥላ ሄዳ የነበረችውን ዋሪናን እያየች ራሷን ነቀነቀች።

ቀትር ላይ ሻማ ልታመጣ ዕቃ ቤት ስትገባ ዋሪና ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ከትንሽ ብልቃጥ ክኒን አውጥታ ምላሷ ላይ አደረገችና በግማሽ ብርጭቆ ውሃ ዋጠችው። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሽሙኒ ኮቴዋን ሳታሰማ ወጣች።

በዚያ ጾም ሽሙኒ ሦስቱን ቀን እህል ውሃ አትቀምስም። ከልጅነቷ ጀምሮ በመንደሩ የምትታወቀው በዚህ ነው፤ በድምፅዋ አልነበረም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ በጎረቤታቸው በናዝሌ ምድጃ ዘንድ ተሰብስበው ለልጆችና ለሕሙማን ዳቦ ሲጋግሩ፣ ናዝሌ የዋሪናን ድምፅ አነሣች። ትናንት አስለቀሰችኝ አለች።

«ያልተጠማ ጉሮሮማ ምን ይሆናል» አለች ሽሙኒ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ውሃ ስትጠጣ አየኋት። በጠራራ ቀትር፣ ዕቃ ቤት ውስጥ።»

ውሃውን ነገረች፤ ክኒኑን አልነገረችም። ናዝሌ ሊጡን ማድበልበሏን አቆመች። አንዷ፣ አንካዋ ጾም በቧንቧ ይመጣል መሰለኝ ብላ ሌሎቹን አሳቀች። ወሬው ከዳቦው ቀድሞ መንደሩን ዞረ።

ለሠርክ ጸሎት ዋሪና ገብታ ከኋላ በር አጠገብ ቆመች። ማንንም አልወቀሰችም፤ የተናገረችው ቢኖር ሕዝቡ በእኔ ምክንያት ልቡ ተከፍሎ አይጸልይ የሚል ብቻ ነበር። ቀሻ ዘያ ሽሙኒን ነገ አንቺ ምሪ አሏት። ድምፃቸው ደክሞ ነበር፤ በዚያው ወደ መቅደሱ ገቡ።

ረቡዕ ሽሙኒ ቀዩ ትራስ ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ አረፈ። ቀኙ ጀመረ፣ እሷ መለሰች፤ አንድም ስሕተት አልሠራችም። ዋሪና ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ሽሙኒም ላለማየት ብትጥር ዐይኗ እምቢ አለ። የዋሪና ከንፈር ነጥቷል።

በመካከል ትንቢተ ዮናስ ተነበበ። ነገሩ ወደ ነነዌ ንጉሥ ደረሰ፤ እርሱም ከዙፋኑ ተነሣ፣ መጐናጸፊያውን አወለቀ፣ በአመድ ላይም ተቀመጠ። ሽሙኒ በየዓመቱ ሰምታዋለች። ዛሬ ግን ንጉሡ የተነሣው ስለ ራሱ መሆኑን ልብ አለች። ማንንም ሳይከስ ነው የተነሣው።

ምንባቡ አልቆ ቀኙ አዜመ። የግራው ተራ ደረሰ፤ መልስ የለም። ዲያቆን ኦራሃ አልሰማሁ ይሆናል ብለው ጠበቁ። ሽሙኒ አትሮንሱን ይዛ ተነሣች።

«ዋሪና ውሃ ስትጠጣ አየሁ ብዬ ነበር» አለች። «ክኒን ስትውጥም አይቻለሁ። እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። እሱን አልነገርኳችሁም። ቀንቼ ነው።»

ዲያቆን ኦራሃ ጎናቸው ወዳለው ሽማግሌ ዞረው ምን አለች አሉ።

«በደልኩ እያለች ነው» አላቸው ሽማግሌው በጆሮአቸው።

«ታዲያ ጸሎቱስ የሚለው ይህንኑ አይደል?» አሉ ዲያቆኑ ጮክ ብለው። «ንገሯት እንጂ ትመልስ፤ ቆመን ደረቅን እኮ።»

ናዝሌ ሄዳ ዋሪናን በክንዷ ደገፈቻት። ዋሪና ቀስ ብላ መጣችና ወንበሩ አጠገብ ስትደርስ ሽሙኒን አየቻት። ሽሙኒ ዐይኗን መሬት ላይ ተክላለች።

«በልጅነትሽም ነጥቀሽኝ ታውቂያለሽ» አለቻት ዋሪና በሹክሹክታ። «ግን ትመልሽልኝ ነበር። የት ደርሰናል?»

ሽሙኒ መስመሩን በጣቷ አሳየቻት። ዋሪና ተቀመጠችና መለሰች። ድምፁ ቢቀጥንም ያው የድሮው ነበር፤ ሽሙኒም ያው የድሮው ቅናት ሲነክሳት ተሰማት። ቢሆንም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ከሥር ተከተለቻት። ገጹ ሲያልቅም የምትገልጠው እሷ ነበረች።

ሐሙስ ጠዋት ሽሙኒ ወንበሯንና ትራሷን ልትወስድ መጣች። የወንበሩን አቧራ ጠረገች፤ ትራሱንም ገልብጣ መልሳ አስቀመጠችበት። ከዚያ ወንበሩን ለዋሪና ትታ ባዶ እጇን ወደ ቤቷ ሄደች።