ከውጭ የያዛቸው አለ?

ፕሮግራመሯ ማብራሪያውን ስትጀምር አጎቷ ከመዝገብ ቤት ባልደረባው ጋር ፋይል ታቅፎ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። አባቷ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው፤ እዚህ መሥሪያ ቤት ስትቀጠርም ዋስ ሆኖ የፈረመላት እሱ። ዝምድናቸውን ግን ማንም አያውቅም። «በዘመድ ገባች እንዳይሉሽ» ብሎ ያስማላት ራሱ ነው። ኮሪደር ላይ ሲገናኙ እንኳ «እንደምን አደሩ» ብሏት ያልፋል።

«ድረ ገጻችን በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ለምን እንደሚሞት በሰው ቋንቋ ንገሪኝ» አላት አዲሱ ሥራ አስኪያጅ። የክፍሉ ኃላፊነት ቦታ ክፍት ነው፤ እሷም ቋምጣለታለች።

«ፕሮግራሙ ሲሠራ ኦብጀክት የምንላቸውን ነገሮች ይፈጥራል። እያንዳንዱን ስንት ሌላ ነገር እንደያዘው የፕሮግራሙ ቋንቋ ራሱ ይቆጥራል። ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን ወዲያው ያነሳዋል፤ ሚሞሪው ላይ የያዘው ቦታ ይለቀቃል።»

«ታዲያ ምን ጎደለ?»

«ሁለት ኦብጀክቶች እርስ በርስ ከተያያዙ ግን ቁጥራቸው ዜሮ አይሆንም። ማንም ሳይፈልጋቸው ቦታ ይዘው ይቀመጣሉ፤ እኩለ ቀን ላይ ቦታው ይሞላል።»

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ። ምላሷ የቀደማት ያኔ ነው።

«እንደ መዝገብ ቤታችን ሁለት ሽማግሌዎች ማለት ነው። አንዱ ፋይል ያወጣል፣ ሌላው ይመልሳል። አንዱን ቢጠይቁት ‹ያለ እሱ ሥራ የለም› ይልዎታል፤ ያኛውም እንደዚያው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ጢሞ» የሚሉት ሒሳብ ሹም እንባውን ጠረገ። አጎቷም ሳቀ፤ ትንሽ ዘግይቶ።

«እና ቋንቋው እንዴት ይገላገላቸዋል?»

«አልፎ አልፎ ቆሻሻ ሰብሳቢ የምንለው ይዞራል። እርስ በርስ የተያያዙበትን ቀንሶ ይቆጥራል። ከውጭ የያዛቸው ካለ ይተዋቸዋል፤ ከሌለ ሁለቱንም ባንዴ ይጠርጋል። እኛ ጋ ሰብሳቢው ተዘግቶ ኖሯል፤ ዛሬ ከፈትኩት።»

«ጎበዝ!» ሥራ አስኪያጁ ወደ በሩ ዞረ። «እስቲ እኛም እንሞክረው። እነዚህን ሁለት አባቶች ከውጭ የያዛቸው አለ? አለሁ የሚል እጁን ያውጣ።»

እንደገና ተሳቀ። አጎቷ አላያትም፤ የፋይሉን ጠርዝ ያስተካክል ነበር። እጇ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ወደ ጭኗ አወረደችው።

ከምሳ በኋላ ጸሐፊዋ ሦስት ደብዳቤ አደለች፤ ሁለቱ ስንብት፣ አንዱ ሹመት።

አሥር ሰዓት ላይ ወደ መዝገብ ቤት ወረደች። የአጎቷ ባልደረባ ሄዷል። እሱ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ይቆልፋል።

«አጎቴ፣ ቀልድ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። እኔስ ስቄ የለ?»

ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ከዚያ ከእሷ ፋይል አንድ ወረቀት አወጣና አራት ቦታ ቀደደው። ፊርማውን ለየችው፤ የዋስትናው ቅጽ ነው።

«ስምሽ ከስሜ ጋር የሚገኝበት ይሄ ብቻ ነበር» አላት ቅዳጁን እያስጨበጣት። «ነገ ለሹመቱ ፋይልሽን ያዩታል። ያለ ዋስ ደግሞ ወንበሩ ቀርቶ በሩንም አያሳልፉሽም። ሌላ ዋስ ፈልጊ፣ ልጄ።»

መብራቱን አጥፍቶ ወጣ።

ስልኳን አውጥታ ስሞቹን ከላይ እስከ ታች አየች። ደግማ አየች። ከዚያ ለእሱ ደወለች። ደረጃው ላይ ስልኩ ሲጮህ ይሰማታል፤ እርምጃውም ይሰማታል። አላነሳውም።