ከግማሽ በታች

አለቃችንን «ችኩሉ» ነው የምንለው፤ በሌለበት ነው ታዲያ። የዚያን ሰኞ ጠዋት አናቴ ላይ ቆሞ፣ «ሆስፒታሉ ዛሬ ይጠብቀናል፤ አለቀ ወይስ አላለቀም?» አለኝ።

ሥራው የሳንባ ራጅ እያየ ነጥብ የሚሰጥ የኮምፒውተር ሞዴል ነው። ነጥቡ ግማሽና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውየው ለተጨማሪ ምርመራ ይቀራል። ከግማሽ በታች ከሆነ «ነፃ ነህ» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ሞዴሉ የሚሠራበትን አሮጌውን ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁትን የኮድ ጥርቅም፣ የሚጠግን ሰው ስለጠፋ፣ ኮዱን ወደ አዲሱ የማዛወሩ ጣጣ እኔ ላይ ወደቀ። መስመር በመስመር አዛወርኩት። ያው ራጅ፣ ያው ሞዴል፤ ቁጥሩ ግን እንቢ አለኝ። አሮጌው 0.731 ካለ አዲሱ 0.728 ይላል።

«ሦስት ሺህኛ?» ብሎ ሳቀ ችኩሉ። «ፀጉር ትሰነጥቂያለሽ እንዴ?»

ተሸነፍኩለት። ሁለቱን የሚያወዳድረው ፈተና ከአንድ አሥር ሺህኛ በላይ ልዩነት አያሳልፍም ነበር። ወደ አንድ መቶኛ አሰፋሁት። ፈተናው አለፈ፣ ችኩሉ አጨበጨበ፣ ኮዱ ሆስፒታል ገባ። በገዛ እጄ ነው ያሰፋሁት፤ ማንም አላስገደደኝም።

ማክሰኞ ቁርስ አልወርድ አለኝ። ባሌ፣ «ዳቦውን እኮ ፈርፍረሽ አመድ አደረግሽው፤ ምን ሆነሻል?» አለኝ። «ምንም» ብዬው ወጣሁ። ቢሮ እንደገባሁ ሁለቱን ላይብረሪዎች ጎን ለጎን ከፍቼ እያንዳንዱን የስሌት ደረጃ አወዳደርኩ። አራተኛው ላይ ያዝኩት! ስሌቱ በዜሮ እንዳይካፈል የምትጨመር ኢምንት ቁጥር አለች። ራስሽ ካልጻፍሻት ላይብረሪው የራሱን ያስገባል፤ አሮጌው አንድ ሺህኛ፣ አዲሱ አንድ መቶ ሺህኛ። እኔ ጉደኛዋ አልጻፍኳትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኼ ነው።

አስተካክዬ የሰኞን ራጆች በሙሉ እንደገና አስኬድኩ። መቶ አርባ ሁለት ሰው። የመቶ አርባ አንዱ ነጥብ ትንሽ ቢነቃነቅም ውሳኔው አልተለወጠም። የአንዱ ግን 0.498 የነበረው 0.501 ሆነ። ክው አልኩ።

ለችኩሉ እንኳ ሳልነግረው ሆስፒታል በረርኩ። የራጅ ክፍሉ ሐኪም ውጤቱን ያተምኩበትን ወረቀት አይቶ፣ «እኚህን ሰውዬ እኮ ትናንት እኔው ነኝ ነፃ ነዎት ያልኳቸው» አለ። ስልኩን አነሳና፣ «ምን ልበላቸው? ማሽኑ ተሳሳተ?»

«ማሽኑ ምን አደረገ፤ እኔ ነኝ። ስጠኝ፣ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

ሐኪሙ ደውሎ ከሆስፒታል መሆኑን ተናገረና አቀበለኝ።

«ደህና አደሩ አባባ፤ ስለ ትናንቱ ምርመራ ነበር...»

«እሰይ፣ እሰይ! እናንተንስ እግዜር ይስጣችሁ» አሉ በሹክሹክታ። «ቀስ ብለሽ አውሪ ልጄ። አሮጊቷ በእኔ ነገር ስድስት ወር ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም ነበር። ከትናንት ጀምሮ ይኸው ለጥ ብላለች።»

እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳቸው። ስሌቱን የሳትኩት እኔ መሆኔን፣ ገና በሽታ ተገኘ ማለት እንዳልሆነ፣ ግን ዛሬውኑ መምጣት እንዳለባቸው፣ አንድም ሳላስቀር።

በስልኩ ውስጥ በር በቀስታ ሲከፈት ሰማሁ።

«ታዲያ» አሉ በመጨረሻ፣ አሁንም በሹክሹክታ፣ «ልቀስቅሳት?»