ቱሪስት የማያውቀው አሸዋ

ባሌ አርጊሪስ ስለ ሳንቶሪኒ ደሴት ሳያወራ የዋለበት ቀን የለም። ከተጋባን አርባ ዓመት አልፎናል፤ ልጆቻችን ይህን ታሪክ ከጡት ጋር ነው የጠቡት። ወታደር ቤት ሳይገባ በፊት አንድ በጋ እዚያ ግንበኛ ሆኖ ሠርቷል። ፒርጎስ በሚባለው መንደር ባርባ ዛኒስ ለሚባል ሽማግሌ የድንጋይ ደረጃ ሠርቶለታል። ግቢው ውስጥ ሮማን አለ፣ ከሮማኑ ሥር ቀዝቃዛ ምንጭ አለ፣ ማታ ማታ ደግሞ ወርቅ የመሰለ አሸዋ ላይ ይተኛ ነበር። ቴሌቪዥኑ ደሴቷን ሌላ አድርጎ ሲያሳየን፣ «እሱ የቱሪስት ነው። የኔን አሸዋ ቱሪስት አያውቀውም» ይለኛል። እኔም አምኜ ለሰፈራችን ለኬራቲሲኒ ሴቶች ሁሉ ሳወራለት ኖርኩ።

ታዲያ ውሰደኝ ስለው ሰበብ አያጣም። አንዱን ዓመት ሙቀቱ፣ ሌላውን ዓመት የመርከበኞች አድማ፣ ከዚያ ደግሞ ውድነቱ። «አንቺ ሴትዮ፣ እዚያ አንድ ቡና በሚጠጣበት ገንዘብ እዚህ በግ ይታረዳል!» ይለኛል። ቋጣሪ ነው ያገባሁት ብዬ ተውኩት።

ዘንድሮ ግን አልተውኩትም። በፋሲካ ሰሞን የቤታችን ቁልፍ ጠፍቶ ቤቱን ስናገላብጥ ከርመን፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከወይራው ጎን አገኘሁት። እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ታላቅ ወንድሙ ሜኒዮስም እንዲህ ነበር የጀመረው። መጀመሪያ ቁልፍ ጠፋው፣ ቀጥሎ የዳቦ ቤቱ መንገድ፣ በመጨረሻ የሚስቱ ስም። ነፍሱን ይማርና፣ ሊሞት ሲል እኔን «እማዬ» ይለኝ ነበር።

ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስለው አርጊሪስ አሻፈረኝ አለ። እሺ፣ የራሴን ምርመራ አደርጋለሁ አልኩ በሆዴ። ሰው ሁሉን ቢረሳ የወጣትነቱን አይረሳም። ሳንቶሪኒ እወስደዋለሁ። ያን ደረጃ ካሳየኝ ደህና ነው። ያ ከጠፋው ግን ባሌ እየሄደብኝ ነው ማለት ነው።

«ገንዘቡስ?» አለኝ።

«ገንዘቡን ለኔ ተወው።»

በጥቅምት መጨረሻ፣ ሀብታሙ ሁሉ ከተመለሰ በኋላ፣ ከፒሬየስ በዘገምተኛው መርከብ ተሳፈርን። ፈጣኑ ለሚቸኩል ሰው ነው፤ ጡረተኛ ወዴት ይቸኩላል? ቦታችን ጣራ የሌለው የመርከቡ ወለል ላይ ነበር። የተቀቀለ እንቁላል፣ የተጠበሰ የሥጋ ድብልብል፣ ቲማቲም፣ አይብና ብርድ ልብስ ይዤ ነበር። ከመርከቡ ቡና ቤት የገዛነው ውኃ እንኳ የለም። አርጊሪስ ግን እንቁላሉን አልነካውም። መርከቡ አንዲት ደሴት ባለፈ ቁጥር ወደ ኋላ ዞሮ ያያል።

«ሆዴን ቁርጠት ይዞኛል» አለኝ ናክሶስ ደሴት ስንደርስ። «እዚሁ ወርደን እንመለስ።»

«ምን ቆርጦኝ! አርባ ዓመት ጠብቄ ደጁ ላይ ልመለስ?»

ከሰዓት በኋላ መርከቡ ገደሉ ሥር ገባ። ወደቡ ከታች ነው፤ የመኪናው መንገድ ግድግዳው ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ሰማይ ይወጣል። አርጊሪስ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልሶ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«እመቤቴ ማርያም! በዚህ ነው የሚወጣው?»

ያን መንገድ ሳይወጣ ፒርጎስ የደረሰ ሰው የለም።

«አንተ ራስህ ወጥተኸው የለም እንዴ?»

«አዎ... ወደቡን ቀይረውት ይሆናል» አለና ሻንጣውን አነሳ።

ወደቡ ላይ የክፍላቸውን ፎቶ ሰሌዳ ላይ ለጥፈው የሚጠብቁ ሦስት አራት ሴቶች ነበሩ። አንዷ አጭር አሮጊት፣ የወንድ ጃኬት ደርባ፣ ሰሌዳዋን ዘቅዝቃ ይዛ ክንዴን ያዘች። ስሟ አኔዚና ነው።

«ነይ የኔ ልጅ! በረንዳ አለው፣ ባሕር ያሳያል።»

«ባሕሩን ተዪውና ዋጋውን ንገሪኝ።»

«ባሕሩን ከተውሽው ከኋላ አንዲት ክፍል አለችኝ። በግማሽ።»

«እሷን እወስዳለሁ። ባሕሩን መንገድ ላይ አየዋለሁ።»

አሮጊቷ ሳቀች፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተዋደድን። በአሮጌ መኪናዋ ጭና ካርቴራዶስ መንደር ያለው ቤቷ አደረሰችን። ወደ ክፍላችን የሚያስወጣው ደረጃ ላይ አንዱ ድንጋይ ተነቃንቆ አርጊሪስን ሊጥለው ነበር።

«ይሄን የሠራው ግንበኛ ነው ልብስ ሰፊ?»

«ባሌ ነው፤ ነፍሱን ይማር» አለች አኔዚና።

«ነፍሱን ይማር። እጁን ግን አይማረው!»

አሮጊቷ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ይሄ ነው የኔ አርጊሪስ፣ አእምሮው አለ አልኩ።

በማግስቱ በአውቶቡስ ካማሪ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ወረድን። አሸዋው ጥቁር ነው። ከዳር እስከ ዳር እንደ ከሰል ጥቁር።

«አርጊሪስ፣ ወርቁስ?»

ጎንበስ ብሎ በእፍኙ ዘገነ፣ በጣቶቹ መሃል አፈሰሰው፣ እንደገና ዘገነ። «ሌላ ጎን ነው መሰለኝ» አለ። ከዚያ ፒርጎስ ወጣን። ባየሁት ደረጃ ሁሉ ፊቱን አያለሁ። ሮማን ያለበት ግቢ ስናገኝ እጁን ጨምቄ፣ «ይሄ ነው?» እለዋለሁ። አንዴ አዎ ይላል፣ አንዴ አይደለም ይላል። በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ጠፋብኝ፣ ኤቫንቲያ። ሁሉም ጠፋብኝ። መርሳት ጀምሬያለሁ መሰለኝ።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሜኒዮስን አየሁት፤ ባሌ ፊት ላይ ሜኒዮስን አየሁት። «ግድ የለም፣ ዓይኔ። ረጅም ጊዜ ነው» አልኩት። በአውቶቡሱ ስንመለስ እጁን አልለቀቅኩም።

እሱ ጋደም ሲል ግቢ ወጣሁ። አኔዚና ክክ እየለቀመች ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ልለቅም ብዬ እንባዬ ክኩ ላይ ወረደ።

«ምነው ልጄ? ማን ሞተ?»

«ማንም። ባሌ ግን እየሄደብኝ ነው።» ሁሉንም ነገርኳት። ባርባ ዛኒስን፣ ደረጃውን፣ ሮማኑን፣ ከሮማኑ ሥር ያለውን ምንጭ፣ ወርቁን አሸዋ። «ስንቱን ነገር ያውቅ የነበረ ሰው፣ ዛሬ አንድም አላወቀ!»

አኔዚና ሰሃኗን አስቀመጠች።

«ምን አልሽ? ግቢ ውስጥ ምን አለ?»

«ምንጭ። ከሥራ ሲመለስ የሚታጠብበት።»

«የሚታጠብበት!» ጭኗን መታች። «አንቺ ልጅ፣ እኛ ከጣራ የወረደ ዝናብ እያጠራቀምን ነበር የምንጠጣው። አንድ ኩባያ ውኃ ብደፋ እናቴ እስኪበቃኝ ትገርፈኝ ነበር። እዚህ ደሴት ላይ አንድ በጋ የሠራ ሰው ውኃ ጥምን አይረሳም። ወርቅ የሚመስል አሸዋ ደግሞ ከአያቶቼ ጀምሮ ያየ የለም። ያንቺ ሰው ምንም አልረሳም።»

«ታዲያ?»

«ረግጧት አያውቅም! ውሸታም ነው።»

«ውሸታም?» ብድግ አልኩ። «እርግጠኛ ነሽ? ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ! የምርሽን ነው?»

«ድብን ያለ ውሸታም!»

አሮጊቷን አንገቷን አንቄ ሳምኳት። ክኩ ተደፋ። አርባ ዓመት ሙሉ ተታልዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ባሌ ቀጣፊ ነው!

ሲመሽ ዳቦና ቲማቲማችንን ይዘን የደሴቷ ዋና ከተማ ፊራ ሄድን፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው አጭር ግንብ ላይ ተቀመጥን። ከኋላችን ሰዉ ጠረጴዛ ይዞ ለወይን ጠጅ ሳይሆን ለፀሐይዋ ይከፍላል። እኛ ያቺኑ ፀሐይ በነፃ እናያለን።

«አርጊሪስ» አልኩት፣ «እዚህ መጥተህ ታውቃለህ?»

«ነግሬሽ የለም? መርሳት...»

«መርሳት አትበለኝ!» ጮህኩ፤ ጠረጴዛ የያዙት ሁሉ ዞሩ። «ይዙሩ! ስማኝ፤ ለምን እንዳመጣሁህ ታውቃለህ? ቁልፉን ማቀዝቀዣ ውስጥ ካገኘሁት ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የሜኒዮስ በሽታ ያዘህ ብዬ ነው። ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ቀብሬህ ነው የተመለስኩት። እባክህ፣ በልጆቻችን፣ ዋሽቼ ነው በለኝ!»

ፊቱ አመድ መሰለ።

«አንቺ... እኔ እኮ ስላፈርኩ ነው ረሳሁ ያልኩት። እንደዚያ ታስቢያለሽ ብዬ... ይቅር በይኝ፣ ነፍሴ።»

«ይቅርታውን ኋላ። በለኝ!»

«ዋሽቼ ነው» አለ። «ኤቫንቲያ፣ ከኬራቲሲኒ ወጥቼ አላውቅም ነበር። ያ መርከበኛ፣ ስታማቲስ፣ አባትሽ ቤት እየመጣ እስክንድርያን ሲያወራ ዓይንሽ ይበራ ነበር። እኔ ምን አለኝ? ሲሚንቶ። ጸጉር ቆራጩ ቤት የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ላይ ፎቶ ነበር፤ አሸዋው ወርቅ፣ ግቢው ሮማን። የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ሳንቶሪኒ ነው አልኩሽ። ዓይንሽ በራ። ከዚያ በኋላ እንዴት ልመልሰው? ውሰደኝ ባልሽኝ ቁጥር እሞት ነበር።»

«ባርባ ዛኒስስ?»

«ጸጉር ቆራጩ ነው።»

ሳቅ ይዞኝ ከግንቡ ልወድቅ ነበር። እየሳቅኩ አለቀስኩ፣ እያለቀስኩ በቡጢ ትከሻውን መታሁት። «አንተ ሞኝ! ስታማቲስ እግሩ ይሸት ነበር። አንተን ነው የወደድኩት፤ ሳንቶሪኒ ባትኖርም አገባህ ነበር!»

ፀሐይዋ ገባች፤ ከኋላችን አጨበጨቡ። አርጊሪስ ቲማቲሙን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሰጠኝ።

«ቁልፉን ግን» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «እሱን የምሬን ነው የረሳሁት። እኔም ፈርቻለሁ።»

እጁን ያዝኩት። «ስንመለስ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን» አልኩት። «እሺ» አለኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

በማግስቱ ማለዳ ከደጅ ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። አርጊሪስ የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ የአኔዚናን ደረጃ አፍርሶታል። ከጎረቤት አሸዋና ሲሚንቶ አስመጥቶ ድንጋዩን እያገላበጠ ነበር። አኔዚና በር ላይ ቆማ፣ «ባሌ መቃብር ውስጥ ይቀየማል!» ትለዋለች። «ይቀየም፤ እንግዳሽ ግን አይሰበር!» ይላታል። እስከ ቀትር ጨረሰው። አሮጊቷ ሁለቴ ዘለለችበት፤ ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም። የዚያን ቀን ምሳ ክኩን በሽንኩርት ሠርታ አበላችንና ባሕሩን ወደሚያሳየው ክፍል አዛወረችን፤ ሳንቲም አልተቀበለችም።

ስንመለስ መርከቡ ላይ ከናክሶስ የተሳፈሩ ወጣት ባልና ሚስት አጠገባችን ተቀመጡ። እንቁላል ሰጠኋቸው። ወጣቱ እያላጠ አርጊሪስን፣ «አባባ፣ ሳንቶሪኒን ያውቋታል?» አለው።

ባሌ ወደኔ ዞሮ አየኝ።

«አውቃታለሁ» አለ። «ካርቴራዶስ የሚባል መንደር ውስጥ አንድ ደረጃ ሠርቻለሁ። የአኔዚና ይባላል።»

«አሸዋውስ ያምራል?»

አርጊሪስ እጁን ወደ ጃኬት ኪሱ ሰደደና እፍኙን ዘርግቶ አሳየው።

«ጥቁር ነው፣ ልጄ» አለ። «እንደ ከሰል ጥቁር። ከሚስቴ ጋር ነው የዘገንኩት።»