ሦስተኛዋ ማረፊያ

በ1997 ዓ.ም. ለሰቆጣ ማስተር ፕላን ሲሠራ፣ ከእማሆይ አመተ ማርያም ቤት ወረድ ብላ ያለችው ገላጣ መሬት «ባዶ ቦታ፤ ለንግድ» ተብላ ተመዘገበች። ጥፋቱ የቀያሿ የሶስና አልነበረም። እሷማ ሜትሯን ይዛ ሰፈርተኛውን በየበሩ ጠይቃ ነበር።

«እዚህ ላይ ምን ይደረግበታል?»

«ምንም» አለ ሰዉ ሁሉ። እማሆይም ራሳቸው «ምንም አይደረግበትም፣ ልጄ» ብለው መለሱላት።

ሊዋሹ ፈልገው አይደለም። በዚያ ሰፈር ሬሳ ከቤት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ ሰባት ጊዜ ያርፋል፤ በየማረፊያው ካህናቱ ይጸልያሉ። ያቺ ገላጣ ሦስተኛዋ ማረፊያ ናት። የእማሆይ ባል አርፈውባታል፤ ሁለት ልጆቻቸውም እንዲሁ። ታዲያ ሞትን በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም ብዕር ይዛ በቆመች ልጅ ፊት፣ ማን ስሙን ይጠራል? ተጽፎ ቢቀርስ?

ቦታዋ ለአንዷለም ደረሰችው። አንዷለም የጎረቤት ልጅ ነው፤ ጂዳ ስድስት ዓመት ለፍቶ ሱቅ ሊከፍት የተመለሰ። ችካሉን በመታ ማግስት እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡና ከችካሉ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። በሦስተኛውም ቀን እዚያው ናቸው።

«እማሆይ፣ መሠረት የሚቆፈረው እኮ እዚህ ነው።»

«ደክሞኝ ነው።»

«ትናንትም ደክሞዎት ነበር።»

«ዛሬ ብሶብኛል።»

አንዷለም ሳቀና አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። «አባቴም እዚህ ነው ያረፈው፤ የረሳሁ መሰለዎት? ግን ሕጉ ሱቁ ከመንገዱ መስመር ላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሠራ ይላል። ያለዚያ ቦታውን ይወስዱታል። ምን ላድርግ? ተመልሼ ልሂድ?»

 እማሆይ ስድስት ዓመት ሙሉ «በሰላም መልሰው» እያሉ የሰገዱት ለዚሁ ልጅ ነበር። እሳቸው በወግ እንዲያርፉ እሱ ዳግመኛ ይሰደድ? እጃቸውን ዘረጉለት።

«ወዲህ አንሳኝ። ማዘጋጃ ቤት እንሂድ።»

ሶስና ሰፊውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላቸው። እማሆይ አጎንብሰው ብዙ አዩት።

«ይኸን መስመር ማን አሰመረው?»

«እኔ ነኝ፣ እማሆይ።»

«በምን?»

«በእርሳስ።»

«እሰይ! እንግዲያ ይጠፋላ።»

ሶስና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ከዚያ ግን ፊቷ ከበድ አለ። «ሱቁ ወደ ኋላ ሸሸት ይበል ብዬ ለኃላፊው መጻፍ እችላለሁ። ግን ምክንያት ይጠይቀኛል። ፊቱ ለምን ክፍት ይቀራል? ምን ብዬ ልጻፍ?»

አንዷለም ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር። እማሆይ አማተቡ።

«ጻፊ። አመተ ማርያም ስትሞት የምታርፍበት ነው በይ።»

«ኧረ እማሆይ! ምን አፍ ነው?» አንዷለም ደነገጠ።

«ዝም በል አንተ! እኔ ካልተናገርኩት ማን ሊናገርልህ ነው? ጻፊ፣ ልጄ። በፊት ምንም አይደረግበትም ያልኩሽ ፈርቼ ነው።»

ሶስና ጻፈች። ኃላፊው ሁለት ጊዜ መለሰባት፤ ሁለት ጊዜ ደግማ ይዛ ገባች። በመጨረሻ ፈቀደ፦ ሱቁ ከኋላ ይሁን፤ የጠበበውን በፎቅ ያካክስ፤ ፊቱ እንደነበረ ይቆይ።

ከዚያ ወዲያ እማሆይ የገላጣዋ ዘበኛ ሆነው አረፉት። ጭነት የሚያራግፍ መኪና ሲቆም «አንሳ ከዚህ! በማኅተም የተፈቀደልኝ ቦታ ነው!» ብለው መቋሚያቸውን ያነሣሉ። አንዷለም ከሱቁ ውስጥ «እማሆይ፣ የኔ ስኳር እኮ ነው የመጣው» ይላል። «ስኳርህ በእግሩ ይግባ!»

በ2001 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ተራቸው ደረሰ። ሬሳቸው ከሱቁ ፊት ዐረፈ፤ መሬቷ አገሩን ሁሉ ያዘች፤ ካህናቱም ሳይቸኩሉ ጸለዩ። ወደ አምደወርቅ ተዛውራ የነበረችው ሶስና ዘግይታ ደርሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከመንገዱ ዳር ለብቻዋ ታለቅስ ነበር። አንዷለም አያትና ሄዶ እጇን ይዞ ወደ ገላጣዋ መራት።

«ነይ ግቢ፣ እህቴ» አላት። «ቦታ አለ።»