በቃል የተሰፋ ኮት

የመምህሩ ባለቤት ኮቱን ከላስቲኩ አውጥተው አልጋው ላይ ሲዘረጉት አልጋው ጠፋ።

ማጋነን አይደለም። አንዱ እጅጌ በዚህ ጠርዝ፣ ሌላው በዚያኛው ጠርዝ ወርዶ ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ መሀል ላይ ያለው ደረት አንድ ሙሽራ ከነሚዜዎቹ ከዝናብ ያስጠልላል። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በሩ ሥር ቆሞ ምርቃት ይጠብቃል። ከሱቁ ምርጡን ጨርቅ አውጥቶ፣ ከማለዳ ጀምሮ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል የሠራው ነው። እንዲህ ያለ ኮት ለብሶ የተቀበረ ንጉሥ እንኳ እንደሌለ ለጎረቤት ባለሱቆች ሁሉ ሲናገር አርፍዷል። መምህሩ በሚቀጥለው ክፍል ነጭ አንሶላ ተሸፍነው ተኝተዋል፤ ቀብሩ ነገ ነው።

«ይሄ የማን ነው?» አሉ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ የሚላቸው ባለቤታቸው።

«የጋሼ ነው እንጂ እትዬ። የእሳቸውን ልክ በቃሌ ነው የማውቀው፤ ዓይኔን ጨፍኜ እሰፋዋለሁ።»

«ጨፍነህ እንደሰፋኸውማ ያስታውቃል።»

እትዬ ከወንበሩ ላይ ባለመስመር ቢጃማ አነሱና ኮቱ ላይ አስተኙት። መምህሩ በመጨረሻዎቹ ወራት ሲለብሱት የነበረ ነው። በሽታው ሰውነታቸውን ጨርሶት ስለነበር ቢጃማው ኮቱ መሀል የሕፃን ልብስ መሰለ። እትዬ ቀና ብለው ልብስ ሰፊውን አዩት። የሰውየው ፊት እንዴት እንደጋለ! ካውያ ቢያስቀምጡበት ይግል ነበር።

ነገሩ የመጣው ከትናንት ነው። ትናንት ለማጽናናት በመጡት ሰዎች መሀል እትዬ የሚያለቅሱት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፋርማሲ ደርሰው እስኪመለሱ ባላቸው ብቻቸውን መሞታቸውን። የማጽናኛ ቃል ይዞ የመጣው ሁሉ ቃሉ ሲያልቅበት ልብስ ሰፊው ከወንበሩ ተነሣና እሱ አጠገባቸው እንደነበር ተናገረ። እዚያ ላይ ቢያቆም አንድ ውሸት ነበር። እሱ ግን ጀምሮ ቆሞ አያውቅም። በጓሮ በር መግባቱን፣ እጃቸውን መያዙን፣ አብረው መጸለያቸውን ጨመረበት፤ ክፍሉን በብርሃን ሞላው፤ መምህሩን ፈገግ አሰኛቸው፤ ወደ ማብቂያው ላይ የመላእክት ክንፍ ድምፅም ሳይሰማ አልቀረም። እትዬ እንባቸውን ጠረጉ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ቀመሱ። ፓስተሩም ስሙን በቀብሩ ፕሮግራም ላይ ምስክርነት ከሚሰጡት ጋር አስገባው።

እውነቱ ግን መምህሩ አልጋ ከያዙ ወዲህ ልብስ ሰፊው ያንን ክፍል ረግጦት አያውቅም፤ መክሳታቸውንም አላየም።

እሳቸው ደግሞ ለእሱ ማን ነበሩ? ከመጠጥ ቤት በር ላይ አንሥተው፣ ሙያ የሚያስተምረው ሰው ለምነው፣ መጽሐፍ ቅዱስ በሚያስተምሩበት ክፍል ከፊት ወንበር ያስቀመጡት። ወሬው እያበጠ ኮርኒስ ሲነካ ልጓም የሚያገቡለትም እሳቸው ብቻ ነበሩ። እስኪጨርስ በትዕግሥት ይሰሙና መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ያየው የቱን እንደሆነ ይጠይቁታል። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፤ ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው ራሱ ነበር።

አሁን እትዬ ቢጃማውን እያጣጠፉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁት።

«ያየኸው የቱን ነው?»

አፉን ከፈተ። ሰበቦች ተሰልፈው መጡለት፤ መቀሱ ስቶ ነው፣ ጨርቁ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ሰፋ ያለ ኮት የዘንድሮ ፋሽን ነው። የመጨረሻዋ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር።

«ምንም አላየሁም፣ እትዬ» አለ። «እስከ በሩ መጥቼ ነበር፤ ብርቱካን ይዤ። ሲያስሉ ሰማሁና ተመለስኩ። እንደዚያ ሆነው ላያቸው ፈራሁ።»

«ብርቱካኑስ?»

«መንገድ ላይ በላሁት።»

እትዬ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጡ። ኮቱ በተወላቸው ጥቂት ቦታ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እንግዲያ ብቻውን ነበራ።»

ልብስ ሰፊው ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ውሸታም መባሉ አልነበረም ያሳፈረው፤ ትናንት የሰጣቸውን ማጽናኛ ዛሬ ከእጃቸው መንጠቁ ነው። አሁንም አንዲት ትንሽ ብርሃን ሊፈጥርላቸው ከጀለ። ዋጥ አደረጋት።

«እኔ አልነበርኩም እትዬ፤ አላውቅም። ግን ታማሚ ልንጠይቅ ስንወጣ ጋሼ ሁልጊዜ የሚሉን ነገር ነበር።»

«ወሬ አታብዙ፣ ነው?»

«እሱንማ ለእኔ ብቻ ነው የሚሉት። ለሁላችንም የሚሉት፣ ስትገቡ ጌታ ቀድሟችሁ ከታማሚው አጠገብ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ ነው።»

እትዬ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሲለው ሰምቼዋለሁ» አሉ። «ለራሱም ጭምር እንደሆነ አስቤው አላውቅም።» እንባቸው ወረደ፤ የትናንቱ ዓይነት ግን አልነበረም። «ይሁን። በትንሣኤ ሳገኘው፣ ፋርማሲው ወረፋ ነበረው እለዋለሁ።»

እትዬ አፍንጫቸውን ጠራርገው ስሙን ከፕሮግራሙ ያሰርዙለት እንደሆነ ልብስ ሰፊውን ጠየቁት።

«አያሰርዙት።»

«ሰው ፊት ቆመህ ምን ልትል ነው?»

«እንዳልመጣሁ። ብርቱካኑንም እናገራለሁ። ከዚያ ደግሞ ያየሁትን።»

«ምን አየህና?»

«እስካሁን ምንም። ልገባ ነው።»

ኮቱን በቢጃማው ልክ ማጥበብ ይችል ነበር፤ ለማንኛውም ልብስ ሰፊ ይበቃል። እትዬም የታጠፈውን ቢጃማ ዘረጉለት። አልተቀበላቸውም። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ወደሚቀጥለው ክፍል ገባና አንሶላውን ቀስ አድርጎ ዝቅ አደረገው። ዓይኑን አልጨፈነም።

«ይቅርታ ጋሼ፣ እጄ ትንሽ ይቀዘቅዛል» አለ፤ ለሚለካው ሰው ሁሉ የሚለው ነው። ሜትሩን ከትከሻቸው እስከ ትከሻቸው ዘረጋ። ከዚያ በሩ ላይ የቆሙት እትዬ እንዲሰሙት አድርጎ ቁጥሩን አነበበ፤ ምንም ሳይጨምርበት።