ከልብ የመጣ ምስጋና

የአባቴ የኦትማር ሥራ መታሰር ነበር። «ጃርት» የተባለውን ጋዜጣ የሚጽፈው አቶ ፉንክ ነው፤ ከገጹ ግርጌ «ኃላፊ አዘጋጅ» ተብሎ የሚታተመው ግን የአባቴ ስም ነው። ፉንክ በመስፍኑና በሹማምንቱ ይቀልዳል፣ ከተማው ይስቃል፣ ፖሊስ መጥቶ አባቴን ይወስዳል። በአገራችን በየጋዜጣው እንዲህ ለመታሰር የተቀጠረ ሰው አለ፤ የሚያፍርበትም የለም።

አባቴ በፉንክ ቀልድ ስቆ አያውቅም። ሌላው ሆዱን ይዞ ሲንከተከት እሱ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ፣ «ይቺ የሳምንት ናት» ይላል። የእስሩን ልክ ሲገምት ስቶ አያውቅም።

እኔ ፉንክን አልወደውም ነበር። ስንት የገና በዓል ያለ አባቴ አሳልፈናል! ስለዚህ ከዳቦ ጋጋሪው ቬንዴል ጋር የምጋባበት እሑድ ሲቃረብ ማተሚያ ቤቱ ድረስ ሄድኩ።

«አቶ ፉንክ፣ ይቺን ቅዳሜ ብቻ ቀልዱን ይተዉልኝ። አባቴ እጄን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ያስገባኝ።»

«ታዲያ ምን ልጻፍ?»

«ሰው ያመስግኑ!»

«በዚህ ከተማ? ማንን ልጄ?»

«የፖሊስ አዛዡን። የአንዲት መበለት ዝይ ከኩሬ አላወጣም?»

እውነት ነበር፤ አዛዡ ከነዩኒፎርሙ ዘሎ ገብቶ ነው ያወጣት። ፉንክ ላብ በላብ ሆኖ፣ እየሰረዘ እየደለዘ አንዲት አጭር ምስጋና ጻፈ። አነበብኳት፤ ምንም ተንኮል የለባትም። እፎይ ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ከተማው በሳቅ ፈረሰ።

«ዝይዋ እኮ መስፍኑ ናቸው!» ይላል ቢራ ቤት ያለው።

«ኩሬውስ?»

«የሚጠጡት ነዋ!»

ስንት ዓመት ከፉንክ ጽሑፍ ሥር ሌላ ነገር ሲፈልግ የኖረ ሕዝብ ምስጋና ቢያገኝ እንዴት ይመን? በሰርጌ ዋዜማ ተቀምጬ አለቀስኩ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ፖሊሱ ክሪስፒን ጋዜጣውን ይዞ ይጠብቀናል። እንደ ልማዱ የአባቴን ክንድ ያዘ። ሌላውን ክንድ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ አልለቅም።

«በል ኦትማር፣ እንሂድ። መስፍኑን ዝይ ብላችኋል።»

«ልጄን ላስገባና እመጣለሁ።»

«ትእዛዝ ነው ወዳጄ።»

ይሄኔ ፉንክ ከእንግዶቹ መሃል ወጣ። ፊቱ ነጭ ሆኗል።

«ግርጌውን አንብብ እንጂ ክሪስፒን!»

ክሪስፒን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «ኃላፊ አዘጋጅ፣ ሊበሬኽት ፉንክ።» ግራ ገባው። «እርስዎማ ታስረው አያውቁም!»

«እንግዲህ መልመድ ነው» አለ ፉንክ። ብዕሩን ስለማያምን፣ ለማንኛውም ብሎ በአባቴ ስም ፈንታ የራሱን አሳትሟል። እኔንም አባቴ እጄን ይዞ ቤተ ክርስቲያን አስገባኝ። ያን ቀን ፉንክን ወደድኩት።

በማግስቱ አባቴ የእስር ቤት ትራሱንና ከሰርጉ የተረፈ ኬክ ይዞ ሊጠይቀው ሄደ፤ እኔም ተከተልኩ። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው ይባላል፤ ፉንክም እስር ቤት መሸበት። ስንት ዘመን ሲቀልድ ያልነኩትን ሰውዬ፣ አንድ ቀን የምሩን ቢናገር አሰሩት።

«በእግዜር ስም ኦትማር፣ ከልቤ ነው ያመሰገንኩት!» አለ በፍርግርጉ በኩል።

አባቴ ጋዜጣውን አውጥቶ በጥሞና አነበበ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳቀ፤ ግድግዳውን ተደግፎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ በዕድሜዬ ሰምቼው አላውቅም።

ዓይኑን ጠርጎ ትራሱን አቀበለው።

«ይቺስ» አለ፣ «የሁለት ወር ናት።»